ዛርና ተመራማሪዎቹ፦ የሃይማኖት ጥናት በአንድ ርእስ ላይ ሲፈተን

የሃይማኖት ጥናት ራሱን ችሎ ከቆመ ጀምሮ ያልተፈቱ ጥያቄዎች አሉ። ሃይማኖት ከሕክምና፣ ከኪነ ጥበብና ከማኅበራዊ ኑሮ ተነጥሎ ሊጠና ይችላል ወይ? አጥኚው የአማኙን ቃል እንዳለ ይቀበል ወይስ ከቃሉ ጀርባ ያለ ሌላ ምክንያት ይፈልግ? እነዚህን ጥያቄዎች በጥቅሉ መተንተን ይቻላል፤ የንድፈ ሐሳብ ብርታትና ድካም በደንብ የሚለየው ግን አንድ የተወሰነ ጉዳይ ላይ ሲያርፍ ነው። ለዚህ ዛር፣ ማለትም ሰውን ይይዛል ተብሎ የሚታመነው መንፈስና በዙሪያው ያለው ሥርዓት፣ ተስማሚ ርእስ ነው። ዛርን የቋንቋ ሊቅ፣ ገጣሚ፣ የአእምሮ ሐኪምና የማኅበረሰብ አጥኚ ተራ በተራ መርምረውታል፤ ያገኙት መልስም እርስ በርሱ የማይገጥም ነው።

መልሶቹ የማይገጥሙበት ዋናው ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ መቆጠራቸው ነው። የመጀመሪያው ዛር ይህችን ሴት ወይም ይህን ሰው ለምን ያዘ የሚል ነው። ሁለተኛው የዛር ቤት እንደ ማኅበር ለምን ይህን ያህል ዘመን ዘለቀ የሚል ሲሆን ሦስተኛው በተያዘው ሰው አፍ የሚናገረው ማን ነው የሚል ነው። አንዱን በሚገባ የመለሰ ጥናት ሌሎቹን የመለሰ የሚመስልባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአጥኚዎች በፊት የነበረው እውቀት

ስለ መናፍስት ማሰብና መከራከር የውጭ ተመራማሪ ይዞት የመጣ ነገር አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ የሚባሉ መናፍስትን የሚያመልኩትን በብርቱ ቀጥቷል፤ ቅጣቱ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር እንደነካ ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል። በዚያ ክርክር ውስጥ አንድ ንድፈ ሐሳብ ነበረ። መንፈሱ መኖሩ አልተካደም፤ የተካደው ሰው ከእርሱ ጋር ውል የመግባት መብቱ ነው። ይህ አቋም ዛሬም የቤተ ክርስቲያን መደበኛ አቋም ነው።

ከባለዛሮች ወገን ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይላል ትረካው። ፈጣሪ ሊቆጥራቸው በመጣ ጊዜ እንዳይወሰዱባት ፈርታ ውብ ውቦቹን አሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው። ፈጣሪም የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ አለ። ዛሮች የእነዚያ ዘር ናቸው፤ እኛ የታዩት ደግሞ የቀሩት ልጆች ዘር ነን። በዚህ ትረካ መሠረት ዛር የወደቀ መልአክ ወይም የሙት መንፈስ ሳይሆን ወንድማችን ነው፤ በመልክ ይበልጠናል፣ በመታየት እንበልጠዋለን። የእናት ልጅ ነውና ይለማመጡታል፣ ይደራደሩታል፣ አንዳንዴም ይቆጡታል። ብዙ ጥናቶች ይህን ተረት በአንድ መስመር ጠቅሰው ያልፋሉ። ለእኔ ግን የዛር ቤትን አሠራር ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በተሻለ የሚያስረዳ ነው፤ ምክንያቱም ዛር የሚባረር ሳይሆን የሚታረቁት የሚሆንበትን መነሻ ያሳያል።

ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። እጣኑ ጢሶ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ጭብጨባውና ከበሮው ሲደምቅ ፈረሱ ያጓራል፣ ይወዛወዛል፣ ይፎክራል። ከዚያ ስሙን ይናገራል፣ ምሱንም ይጠይቃል፦ ገብስማ ዶሮ፣ ሽቶ፣ ጌጥ ወይም ሌላ። ምሱ ከተሰጠው ይረጋጋል፤ ከተከለከለ በሽታው ይመለሳል። ጥናቶቹ ሁሉ ሊያስረዱት የሚሞክሩት ይህንን ነው።

መነሻ ፍለጋ

የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎችን የሳባቸው ጥያቄ ይህ ነገር ከየት መጣ የሚለው ነበር። እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ በ1831 በታተመ ማስታወሻው በትግራይ ያየውንና በሙዚቃና በጭፈራ የሚታከመውን ተመሳሳይ ሕመም ገልጿል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቸሩሊ ዛር የጥንት ኩሻውያን የሰማይ አምላክ ስም ቅሪት ነው ብሎ ደመደመ፤ ለዚህም ከአገው ቋንቋዎች እስከ ከፋ ያሉ ተቀራራቢ ስሞችን ጠቀሰ። ክርስትና ሲገባ አምላኩ ከዙፋኑ ወርዶ ከመናፍስት ተራ ተቆጠረ ማለቱ ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ በስም መመሳሰል ላይ ብቻ የቆመ በመሆኑ ግን ሊረጋገጥ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው።

ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሌላው ጎን ነው፤ ይኸውም ዛር ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የተጓዘበት መንገድ። አጥኚው ስኑክ ሁርግሮኒዬ በ1880ዎቹ አጋማሽ መካ ውስጥ የዛር ሥርዓት አግኝቷል፤ በግብፅም በዚያው ዘመን ተዘግቧል። ኖርዌያዊው ሪቻርድ ናትቪግ በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ ሥርዓቱን ወደ ሱዳንና ግብፅ በማድረስ ረገድ ከኢትዮጵያ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች፣ በተለይም ኦሮሞዎች፣ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ተከራክሯል። ሱዳን ውስጥ ከዛር መናፍስት አንዱ ክፍል እስከ ዛሬ የሐበሻ መናፍስት ይባላል። የመነሻ ጥናት ዛር ለምን እንደሚሠራ ባይነግረንም፣ ስለ ባሪያ ንግድ ከመዛግብት የጠፋ ታሪክ በሥርዓቱ ውስጥ ተቀምጦ መቆየቱን አሳይቶናል። ይህ ቀላል ግኝት አይደለም።

ጎንደር፣ 1932

የጥናቱ መልክ የተለወጠው ጎንደር ላይ ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ተልእኮ በ1932 ክረምት ጎንደር ገብቶ ለወራት ተቀመጠ። የተልእኮው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ገጣሚ ነበር። ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ መልካም አያሁ ወደምትባል የታወቀች የዛር ቤት አለቃ ዘንድ ይመላለስ ጀመር። አባ ጀሮም ፈረሶቹ የሚሉትን በአማርኛ ይጽፋል፤ ማታ ሁለቱ ተቀምጠው ይተረጉማሉ። ሌሪስ ለመሥዋዕት የሚታረዱትን ከብቶች እስከ መግዛት ደረሰ። የተመልካችነቱ ወሰን የቱ ጋ እንደሆነ ራሱን እየጠየቀ የጻፈው ማስታወሻ በ1934 ታተመ፤ ስለ ዛር ያሰናዳው ዋና ጥናት የወጣው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1958 ነው።

በጥናቱ ውስጥ አንድ ምልከታ ጎልቶ ይታያል። መልካም አያሁ ያላት አንድ ዛር አይደለም። እንግዳ ሲመጣ የሚቀበለው አንዱ ነው፣ ለቤት ሥራ ሌላው ይነሣል፣ ሲቆጡ ደግሞ ሌላው ይናገራል። ሌሪስ ይህን ሲያይ ሴትዮዋ ሰብእናዎችን እንደ ልብስ ከቁም ሳጥን እያወጣች የምትለብስ መሰለው። ለመሆኑ ይህ ማስመሰል ነው ወይስ እውነት? ሌሪስ ጥያቄውን በሁለት ለመክፈል እምቢ አለ። በፍጹም መያዝና በፍጹም ማታለል መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ተዋናይዋም ተመልካቿም የሚያምኑበት፣ ማንም ቲያትር ነው ብሎ የማይጠራው ቲያትር። ይህንን ከተጫወቱት ቲያትር ለይቶ የኖሩት ቲያትር አለው።

የሌሪስ ትልቅነት ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ማን ነው የሚናገረው የሚለውን፣ ሳይዘጋ መግለጫውን ማብዛቱ ነው። ድካሙም እዚያው ላይ ነው። ቲያትር የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ መለኪያ ነው፤ መድረኩን ከኑሮ የሚለይ ባህል ውስጥ የተወለደ። ለመልካም አያሁ ቤተሰብ ሰይፉ ጨንገር ወይም ራሄሎ የተባሉት ዛሮች ሲመጡ ገጸ ባሕርይ አልመጣም፤ የሚሰገድለት እንግዳ ነው የመጣው።

ስለ ዘዴ ሲነሣ ሊታለፍ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። ያው ተልእኮ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ በምትካቸው አዲስ ሥዕል ተሠርቶ ተተከለ። እውቀቱ የተሰበሰበው በዚህ ዓይነት የኃይል ሚዛን ውስጥ ነው። የአባ ጀሮም ድርሻም ለረጅም ጊዜ በአስተርጓሚነት ተጠቅልሎ ታለፈ፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በመጀመሪያው ቋንቋ ያኖረው ግን እርሱ ነው። በተልእኮው ውስጥ የነበረችው የቋንቋ ባለሙያ ደቦራ ሊፍሺትዝም የሰበሰበቻቸውን አስማታዊ ጽሑፎች በ1940 አሳተመች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተይዛ በናዚዎች ካምፕ፣ አውሽቪትዝ፣ ተገደለች። ሥራዋ የሚገባውን ያህል አልተነበበም።

ሐኪሞቹ ሲመጡ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መነጋገሪያው ወደ ሕክምና ዞረ። አሜሪካዊው ሳይመን መሲንግ በ1950ዎቹ ጎንደር አካባቢ ባደረገው ጥናት ተመሥርቶ በ1958 ዛርን የቡድን ሕክምና ብሎ ገለጸ። ታማሚው ይመጣል፤ የዛሩ ባለሙያ መንፈሱን አግባብቶ ስሙን ያናግረዋል፤ ከዚያ ድርድር ይጀመራል። ታማሚው ድኖ አይሰናበትም፤ የማኅበሩ አባል ይሆናል። በሌላ ቦታ አብረው የማይቀመጡ ሰዎች፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ጨዋና የቀድሞ ባሪያ፣ እዚያ ይገናኛሉ። የዛሮቹ ዓለም ራሱ ትልቅና ትንሽ፣ ጌታና አሽከር ያለበት በመሆኑ ዝቅ ያለው ሰው በከፍተኛ ዛር ፈረስነት ይከበራል።

በግብፅ ኑቢያ አጥኚው ጆን ኬኔዲ በ1967 ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ሮበርት ጊልና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1968 ባሳተሙት ጥናት ጊዮን (ወሊሶ) ላይ በአንድ ካህን ዘንድ መናፍስት ሲወጡ ያዩትን ከዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና ጋር አስተያይተዋል። ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ ነገር ግን የዛርን ጉዳይ ከዛር ቤት አውጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በማምጣቱ ቀዳሚ ነው።

የሕክምናው አመለካከት ዛርን ከንቀት አዳነው። አጉል እምነት ሲባል የኖረው ነገር የሚረዳ መሆኑ ታወቀ። ዋጋም አስከፈለ። አንዴ ሕክምና ከተባለ ባለዛሩ በሽተኛ ነው፤ በሽታም ስም ይፈልጋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው መመሪያ ዛር በባህል ከተወሰኑ ሕመሞች ዝርዝር ገባ፤ በ2013ቱ እትም ከዝርዝሩ ጠፋ። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ምደባ በመንፈስ የመያዝ ሁኔታ እንደ ሕመም የሚቆጠረው በአካባቢው ባህል ወይም ሃይማኖት ተቀባይነት ካለው ልማድ ውጭ ሲሆን ነው ይላል። መልካም ጥንቃቄ ነው። ግን ተቀባይነቱን የሚወስነው ማን ነው? ባለዛሯ፣ ባሏ፣ የነፍስ አባቷ ወይስ ሐኪሟ?

ጥያቄው በወረቀት ላይ አልቀረም። ከ1984ቱና ከ1991ዱ ታላላቅ ጉዞዎች በኋላ እስራኤል ከገቡ ቤተ እስራኤላውያን መካከል ዛር ያለባቸው ሰዎች የሥነ አእምሮ ክሊኒክ በር ደረሱ። ሐኪሞቹ በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ በባህሉ ውስጥ ያለ መደበኛ አገላለጽ ብለው ጠየቁ። ምሱን የሚሰጥ ማኅበር በሌለበት አገር ዛር ምን ይሆናል? የቡድን ሕክምናው ንድፈ ሐሳብ ትክክል ከሆነ ቡድኑ ሲበተን ሕመሙ መባስ አለበት። ይህን በወጉ የፈተነ ሰፊ ጥናት ቢኖር የመሲንግ ሐሳብ ዕጣ በዚያ ይወሰን ነበር።

የተገፉት ስልት

ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሰውና ያከራከረው ሐሳብ የብሪታኒያዊው ዮአን ሉዊስ ነው። ሉዊስ በሶማሌዎች መካከል ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1966 እንዲህ አለ፦ ዛር በብዛት የሚይዘው ሴቶችንና ዝቅ የተደረጉ ወንዶችን ነው፤ በቀጥታ መጠየቅ የማይችሉትን ልብስ፣ ሽቶና እንክብካቤ መንፈሱ ይጠይቅላቸዋል፤ ባልየውም ሚስቱን እምቢ ቢል መንፈሱን እምቢ ማለት ይከብደዋል። በ1971 መጽሐፉ ይህን አስፍቶ፣ የማኅበረሰቡን ሥርዓት የሚደግፍ መያዝንና በዳር ያሉትን የሚያገለግል መያዝን ለይቶ አስቀመጠ።

ሐሳቡ ኃይለኛ ነው። ሊፈተን የሚችል ነገር ይናገራል፤ ማን እንደሚያዝ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል። ትችቱም ወዲያው መጣ። ፒተር ዊልሰን በ1967 ግጭቱ በባልና በሚስት መካከል ከመሆን ይልቅ በሴቶቹ በራሳቸው መካከል፣ ለምሳሌ ጣውንት ስትመጣ በሚፈጠር የቦታ መናጋት ላይ ነው አለ። የኢትዮጵያው ማስረጃም ለሉዊስ ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም። አሊስ ሞርተን በ1977 ያቀረበችው የውቃቢ (የመንፈስ) ቡድን መሪው ወንድ ነው። አለን ያንግ በ1975 ዛርን ከአማራው አጠቃላይ የበሽታ አስተሳሰብ፣ በተለይም ቁራኛ ከሚባለው ሕመም ጋር አያይዞ መረመረ። ሃራልድ አስፐን በ2001 ባሳተመው የሰሜን ሸዋ ጥናት ባለ መናፍስቱን እንደ አዋቂዎች፣ ወደ እነርሱ የሚመጡትንም ምክር እንደሚሹ ሰዎች አየ። ነገሩ ሁሉ የተገፉ ሰዎች ስልት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ምክር ፍለጋ ደጅ ባልጠና ነበር።

ይበልጥ ጥልቅ የሆነውን መልስ የሰጠችው ካናዳዊቷ ጃኒስ ቦዲ ናት። በሰሜን ሱዳን ሆፍሪያት ብላ በሰየመችው መንደር ከ1976 ጀምሮ አጥንታ በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ማን ተጠቀመ የሚለውን ወደ ጎን አደረገችው። እዚያ የሴት ክብር ከመውለድ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ውርጃና መሃንነት ሲደርስባት ሴትዮዋ ራሷን የምታይበት መስታወት ይሰበራል። መናፍስቱ ባዕዳን ናቸው፤ ሐበሻ፣ አውሮፓዊ፣ ዘላን። ሴትዮዋ በባዕድ አንደበት ስትናገር የገዛ ኑሮዋን ከውጭ ሆና ታያለች፣ ትመረምረዋለች። ቦዲ ስለዚህ ዛርን የምታነበው የሴቶቹ ማሰቢያ አድርጋ ነው። በ1994 በጻፈችው ሰፊ ግምገማም መያዝን ለጥቅም ማግኛ ብቻ አድርጎ ማየት እንዲቀር ተከራክራለች።

በእኔ እምነት ቦዲ ትክክል ናት፤ ሉዊስም ግን አልተሸነፈም። እርሱ የመለሰው ማን ይያዛል የሚለውን ነው፤ እርሷ የመለሰችው ሲያዙ ምን ያደርጋሉ የሚለውን። ክርክሩ እንደ ተራ ፉክክር ሲቀርብ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ቦዲንም ልንጠይቃት የሚገባ አለ፦ የጎንደሩ ዛር ባዕድ አይደለም፣ የሔዋን ልጅ ነው። በባዕድነት ላይ የቆመ ትንታኔ ለወንድም እንዴት ይሆናል?

ሃይማኖት ነውን?

ኤሚል ዱርካይም በ1912 ሃይማኖትን ከአስማት የለየው በማኅበር ነው፤ ሃይማኖት ምእመናን አሉት፣ አስማተኛ ያሉት ደንበኞች ብቻ ናቸው። የዛር ቤት ይህን ድንበር ያፈርሰዋል። ለአንድ ቀን ጥያቄ የሚመጣ ደንበኛም አለው፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ቤተሰብም አለው። ቤተሰቡ ደግሞ በሌላ ሃይማኖት ውስጥ ያለ ነው። ባለዛሯ ትጾማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ታቦት ሲወጣ እልል ትላለች። በግብፅና በሱዳን መናፍስቱ በረመዳን ይታሰራሉ ተብሎ ስለሚታመን የዛሩ ከበሮ ይቆማል። ዛር የራሱ የጾም ወቅት የለውም፤ ጊዜውን የሚቆጥረው በእናት ሃይማኖቱ ነው።

ታላል አሳድ በ1993 ሃይማኖት የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ራሱ ከአውሮፓ ታሪክ የወጣ መሆኑን ካሳየ በኋላ፣ ዛር ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ ራሱ አጠያያቂ ሆኗል። ፖል ጆንሰን በመንፈስ መያዝ የሚለውም አነጋገር በአውሮፓ ከንብረትና ከባርነት አስተሳሰብ ጋር አብሮ እንዳደገ አሳይቷል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲኬድበት ግን ጎንደርን ከሱዳንና ከብራዚል ጋር ማነጻጸር የማይቻል ያደርገዋል። ማነጻጸር ካልተቻለ ደግሞ ናትቪግ የተከተለው የባሪያ ንግድ ዱካም ይጠፋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የመጡት የአእምሮን አሠራር የሚያጠኑት ናቸው። ኤማ ኮኸን በብራዚል ባደረገችው ጥናት ተነሥታ፣ መንፈስ ሰውነቱን ተረክቦ የሚናገርበትን ከመንፈስ ሕመም ከሚያመጣበት ለየች፤ ሁለቱ በተለያየ የአእምሮ መንገድ የሚታሰቡ ናቸው አለች። ልዩነቱ ለዛር ይጠቅማል፣ በአንድ እርማት። በዛር ቤት ሁለቱ የአንድ ሰው ጉዞ ሁለት ምዕራፎች ናቸው፤ በሕመም የጀመረው በፈረስነት ይበስላል። ይህ ሽግግር እንዴት እንደሚፈጸም፣ ሰውየው እስከ መቼ ታማሚ ከመቼ ጀምሮ ፈረስ እንደሚሆን፣ ኮኸን የሠራችው ክፍፍል ብቻውን አያስረዳም።

ጠበሉ ላይ

የቤልጂጉ ሉክ ደ ሁሽ መናፍስትን የሚያወጡ ሥርዓቶችን ከሚያስገቡና ከሚያስታርቁ ሥርዓቶች ለይቷል። በዚህ መለያ ቤተ ክርስቲያን አስወጪ፣ ዛር ቤት አስታራቂ ነው። የጠበሉ ቦታ ግን ልዩነቱን ያደበዝዘዋል። ጠበል የሚጠመቀው ሰው ላይ ያለው መንፈስ በካህኑ ፊት ይጮኻል፣ ስሙን ይናገራል፣ መቼና በምን እንደገባ ይተርካል፣ ለመልቀቅ ጊዜ ይጠይቃል። አንዳንዴ ዛር ነኝ ይላል። ጥያቄና መልሱ፣ ስም ማስነገሩ፣ ጊዜ መለመኑ፣ ሁሉም ከዛር ቤቱ ድርድር ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው ምሱ መከልከሉ ነው። በጴንጤ አብያተ ክርስቲያናት ነጻ ማውጣት የሚባለውም ጸሎት የሚመሳሰል ቅርጽ አለው።

ስለዚህ በከተሞች የዛር ቤቶች ቀንሰዋል ሲባል ምን ቀነሰ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የተዘጋው ቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ድርድሩ ወደ ሌላ ግቢ ተዛውሮም ይሆናል። ይህን መለየት የሚችል ጥናት ዛር ቤትን ወይም ጠበልን ለየብቻ የሚያይ ሊሆን አይችልም። በአንዱ ጀምረው በሌላው የሚጨርሱ ሰዎችን ለዓመታት መከተል አለበት፤ መንፈሱ በሁለቱ ቦታ የሚናገረውንም ቃል በቃል፣ በአማርኛው፣ መጻፍ አለበት። አባ ጀሮም በ1932 ይጽፍ የነበረው እንደዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ጥናቶች የሚያቀርቡልን ግን የፈረሱን ቃል ሳይሆን ትርጉሙን ነው።